የማክሰኞ እንቁላል

በቀጠሮ የሚያስደነግጥ ከተማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የምኖርበት ኦክላንድ እንደዚያ ነው። የፈረንጆቹ ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ከተማውን በጩኸት ያናውጠዋል። ምን ሆነ እንዳትሉ፤ ምንም አልሆነም። ሙከራ ነው። እኛ አገር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። እዚህ ግን ውሻው ጅቡ ሳይመጣ ይለማመዳል።

አማቴ እማማ ዘውዲቱ የመጡ ሰሞን ይህን ጩኸት ሰምተው አልጋ ሥር ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም። «አይስጉ እማማ፣ ቴስት ነው። ረቡዕ ከጮኸ ዝም ይበሉት» አልኳቸው፣ እንደ አዋቂ። ለመዱት። ረቡዕ ስለሚጾሙም «የአሜሪካ መንግሥት ጾሙን ያውቃል ማለት ነው» እያሉ ያደንቁት ጀመር።

ባለፈው ዓመት ፌብሩዋሪ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ዝናቡ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት አላባራ አለ። እኔ የሐምሌን ዝናብ ጠግቤ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ከቤታችን ጀርባ ያለችው ጅረት በደህናው ጊዜ ድመት ዘልላ የምትሻገራት ናት። ያን ሰሞን ድምጿ ግድግዳ አልፎ ይሰማ ነበር። ባለቤቴ ሳን ሆዜ ሆስፒታል ለሥራ ሄዳ፣ መንገዱ በውሃ ተዘግቶባት እዚያው ቀርታለች። «እማማን አደራ» ብላኛለች።

እኔ ከቤት ነው የምሠራው። ከቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ መቼ ቀን ያውቃል? ሚቲንግ ላይ ሳለሁ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ሳይረኑ ጮኸ። ከንፋሱ ጋር ተቀላቅሎ ሰማዩ ራሱ የሚያለቅስ መሰለኝ። ሰዓቴን አየሁና «ቴስት ነው» ብዬ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ጠበቅ አደረግሁት። በመስኮት ስመለከት ጎረቤቶቼም መጋረጃቸውን ገለጥ አድርገው፣ ሰዓታቸውን አይተው፣ መልሰው ዘጉት።

እማማ ገቡ። «ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ ነዋ እማማ፤ ሚቲንግ ላይ ነኝ።»

ደርቀው ቀሩ። «ጠዋት እንቁላል ጠብሰህ አብልተኸኛል እኮ!»

ማዳመጫዬን አወለቅሁ።

«ረቡዕ ከሆነ አስገድፈኸኛል። ማክሰኞ ከሆነ ደግሞ ይሄ ጩኸት የእውነት ነው። ቁርጡን ንገረኝ!»

ኮምፒውተሬን አየሁ። ማክሰኞ። ስነግራቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ተመስገን!» ጎርፍ ሊወስደን ነው፤ እሳቸው ጾማቸው አልተነካም!

ወደ መኪናው ብወስዳቸው እምቢ አሉ። «ሰው ትተን?» ነጠላቸውን አደግድገው የጎረቤቱን በር በምርኩዛቸው ይደበድቡት ጀመር። እንግሊዝኛቸው በጣት ይቆጠራል። ያን ቀን ግን በቃቸው፤ «ኖ ዌንስደይ! አይ ኢት ኤግ! ኖ ዌንስደይ!» ጎረቤቱ ሳቀ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኼኔ ትዝ አለኝ። እኔ ሳስረዳው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ልጆቹን እየተጣራ ሮጠ። እንዲህ እያልን በየበሩ ዞርን፣ እሳቸው ከፊት፣ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ከኋላ።

ከጎረቤቶቹ ጋር ከሰፈሩ በላይ ያለውን ዳገት ወጥተን ዞር ስንል ጅረቷ የለችም። በእሷ ቦታ ቡናማ ውሃ ግቢውን ሁሉ ሞልቶ ይሄዳል። አጥራችንን ወሰደው። ጓሮ የነበረውን ትልቅ ዛፍም ከነሥሩ ይዞት አለፈ፣ ቀስ ብሎ፣ የማይቸኩል ነገር ሆኖ። ፈርቼ ነበር፤ ዓይኔን ግን መንቀል አልቻልኩም። እማማ «ሥራህ ግሩም ነው» ብለው አማተቡ። ውሃው ቤታችን ውስጥ እስከ ጉልበት ገባ። ሰው ግን አልተነካም።

እዚህ ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብዬ መክሬአችሁ ብዘጋ ያምርብኝ ነበር። ምን ያደርጋል! ከዚያ ወዲህ ሳይረን ሲጮህ የሰፈሩ ሰው ሰዓቱንም ስልኩንም አያይም። የእኛን በር ያንኳኳል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ማማ ዛሬ እንቁላል በልታለች?» ካልበሉ ቴስት ነው፤ ሁሉም ወደ ቤቱ።

ፋሲካ አለፈ። በሜይ የመጀመሪያው ረቡዕ ሳይረኑ ጮኸ፣ በሩም ተንኳኳ። ወጥ ቤት ዞር ብዬ አየሁ። እማማ እንቁላላቸውን እየበሉ ነው። «በልተዋል!» ብዬ ጮህኩ። በጠራራ ፀሐይ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ዳገቱን ወጣው፤ ከፊት የምሮጠው እኔ ነኝ።

እማማ ብቻ ሳህናቸውን እንደያዙ በረንዳው ላይ ቀርተው ይጣራሉ፤ «ኧረ ልጄ፣ ሃምሳው እኮ አልወጣም! ረቡዕም ይበላል!»