የካፒቴኑ ቀኝ እግር

አዳማ ውስጥ መሪ ሳይጨብጥ የሚነዳ ሰው ያልጫነ ሚኒባስ የለም። ጋቢና ይቀመጣል፣ በሌለ ፍሬን ይረግጣል፣ ከሾፌሩ ቀድሞ ይደነግጣል። ሌላው ተሳፋሪ መናኸሪያ ሲደርስ ከዚህ ሰው ይገላገላል። እንቁ ግን አግብታዋለች።

ክቡር ካፒቴን ልዑልሰገድ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቀኝ እግራቸው ግን አልወጣም። በጉብዝናቸው ጊዜ ቢሾፍቱ ያበሯት የነበረችው ባለ ሁለት መቀመጫ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ስትነሳ ወደ ግራ ትስባለች። ቀኝ ፔዳሏን ካልረገጡላት መንደርደሪያውን ትታ ሣር ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ባጃጅ ሲነሳ ካፒቴኑ ቀኝ እግራቸውን ይጫናሉ። ጥምቀት ላይ ታቦቱ ሲነሳ እንኳ ሲጫኑ እንቁ በዓይኗ አይታለች፤ እግዜር ይቅር ይበላቸው። ቀኝ ጫማቸው ሁልጊዜ ከግራው ቀድሞ ያልቃል።

አውሮፕላኗ መሬት ላይ ደግሞ አፍንጫዋ ሽቅብ ስለሚቆም ፊት ለፊት አታሳይም። ግራ ቀኝ እየተጠማዘዙ፣ በጎን እያጮለቁ ነው የሚነዷት። ካፒቴኑ አንድ ቀን የስፖንጅ ፍራሽ አቅፈው ከገበያ እንደዚያው እየተጠማዘዙ ሲመጡ ሰፈሩ «ቀማምሰዋል» ብሎ አማቸው።

ስታርፍ ትብሳለች። ጎማዋ መሬት ነካ ብለው ከተዘናጉ ጭራዋ ዞሮ ይቀድማል። ከደራ በሚኒባስ ሲመለሱ ተሳፋሪው ደረስን ብሎ ከተነሳ፣ «ቁጭ በሉ፤ ገና አልቆመችም» ይላሉ። ልጃቸው ተመርቃ ቤቱ በእልልታ ሲናጋም ያሉት ይህንኑ ነው።

እንቁ አውሮፕላኗን «ጣውንቴ» ነው የምትላት። ካፒቴኑ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጠው፣ ኮረብታው ላይ ያሉት የንፋስ ተርባይኖች ወዴት እንደዞሩ አይተው፣ «ዛሬ ለእሷ ጥሩ ንፋስ ነው» ይላሉ። ያኔ ፊታቸው ላይ የምታየው ናፍቆት ያናድዳታል። ሚስት አጠገብ ተቀምጦ ሌላ መናፈቅ ምን የሚሉት ነው? ደግሞም ሆዷን ይበላታል።

ባለፈው ወር የቀድሞ ተማሪያቸው አማኑ ለእንቁ ደወለላት።

«እትዬ፣ አውሮፕላኗ ተጠግናለች። እኔ ላብርር፣ ጋሼ ከኋላ ይቀመጡ። ሐኪማቸውም ፈቅዷል። እርስዎ እሺ ካላሉ ግን አልነግራቸውም።»

እንቁ ልባቸውን ካመማቸው ወዲህ ደረጃ እንኳ ብቻቸውን አታስወጣቸውም። ሁለት ቀን ወሬውን ደበቀችው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ «ልዑል፣ ጣውንቴ ድናለች አሉ» አለች።

ካፒቴኑ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት።

«የጠገኗት ሰዎች ወደ ግራ እንደምትስብ ያውቃሉ?» አሉ።

እሑድ ቢሾፍቱ ሄዱ። እንቁ ጣውንቷን በቅርብ አየቻት፦ አጭር፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ዘይት የምታንጠባጥብ። ለዚህች ነው? አለች በልቧ። ካፒቴኑ ከኋላ ወንበር ሲገቡ ግን እጃቸው የአውሮፕላኗን ጎን ዳበስ አደረገው፤ እንቁ ያን እጅ ስለምታውቀው ፊቷን አዞረች።

አውሮፕላኗ ፍራሽ እንዳቀፈ ሰው እየተጠማዘዘች ሜዳው ጫፍ ደረሰች፣ ተንደርድራም ተነሳች። «አምላኬ፣ ሁለቱንም መልስልኝ» አለች እንቁ፤ ሁለቱ ያለችው ካፒቴኑንና ጣውንቷን እንደሆነ የገባት ካለች በኋላ ነው።

ዞረው መጡ። ጎማው መሬት ሲነካ የአማኑ ሚስት ዱሬቲ እልል ልትል አፏን ከፈተች። እንቁ ክንዷን ያዘቻት።

«ቆይ፤ ገና አልቆመችም።»

የራሷ ቀኝ ጫማ ሣሩ ውስጥ ሰምጦ ነበር።