እሑድ ዐሥር ሰዓት የሚታመም መስመር

ሁሉን የሚያውቅ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም። ውሃ ቢገባ፣ መብራት ቢገባ፣ ታክሲ እስከ ደጃፍ ቢመጣ ዋጋ የለውም። አንድ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሰው ቧንቧ እያየ «ይሄማ ቀላል ነው» ካላለ፣ እዚያ ቦታ ላይ ቤት ተሠራ እንጂ ሰው አልሰፈረበትም። ከሀና ማርያም ዝቅ ብሎ ያለው ሰፈር በዚህ በኩል ታድሏል። ጋሽ ገሠሠ አሉለት።

ጋሽ ገሠሠ ጡረታ ሳይወጡ በፊት የባሕር ኃይል ራዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ይህን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ቴሌቪዥን ሲበላሽም፣ የውሃ ቆጣሪ ሲሮጥም፣ የጎረቤት ላም አልወልድ ስትልም ወሬው ከምጽዋ ይጀምራል። ካቻቢቴ ከደረት ኪሳቸው አይለይም፤ ለቅሶ ቤትም ይዘውት ይሄዳሉ። ሐሜት እንዳይሆን፣ የነኩት ዕቃ አብዛኛው ይሠራል። ብቻ ሁሌ አንድ ብሎን ይተርፋል። እሱንም «ይሄ ትርፍ ነው፤ ፋብሪካው ለመጠባበቂያ የከተተው ነው» ብለው በክብር ለባለቤቱ ያስረክባሉ። በሰፈሩ የጋሽ ገሠሠ ብሎን ያልተኛበት መሳቢያ የለም።

በ1992 ዓ.ም. ለእኚህ ሊቅ የሚመጥን ፈተና መጣ። አጥር የሚጋሯት ጸሐይወርቅ ቤት ኮምፒዩተር ገባ።

ያስገባው ባሏ ወጋየሁ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ አንድ የውጭ ድርጅት ቀጥሮት ደቡብ ሱዳን ውስጥ ስልክ ወደማይታወቅበት ካምፕ ሊልከው ሆነ። ካምፑ በሳተላይት የሚሠራ አንድ ኮምፒዩተር አለው፤ ሠራተኞቹ ለግል ጉዳያቸው በተራ ይቀመጡበታል። የወጋየሁ ተራ እሑድ ከሰዓት፣ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ለቤቱ ኮምፒዩተር ገዛ፣ ከስልኩ ጋር አገናኘው፣ የቢሮውን ሰዎችም ለምኖ ቪፒኤን የሚባለውን ነገር አስገባበት። ለሚስቱ ያስረዳት በአጭሩ ነው። ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ በስልክ ይደውላል፤ ከዚያ ቪፒኤኑ ለሌላ ሰው በማይከፈት መንገድ ድርጅቱ ውስጥ ያስገባታል፤ እሱ እዚያ ይጠብቃታል። ትጽፋለች፣ ወዲያው ይመልስላታል። በጽሑፍ ይሁን እንጂ ጨዋታ ነው።

የመጀመሪያዎቹ እሑዶች ደህና ነበሩ። ጸሐይወርቅ ከምሳ በኋላ ፀጉሯን ትሠራለች፣ እሱ የሚወደውን አረንጓዴ ቀሚስ ትለብሳለች። እንደማያያት ታውቃለች። ቢሆንም የቤት ልብስ ለብሶ «ናፍቀኸኛል» ብሎ መጻፍ አልሆንላት አለ። እሱ ስለ ሙቀቱ፣ ስለታመሙት ከብቶች፣ ሻይ ሲያፈሉ ጭስ ጭስ ስለሚለው ውሃ ይጽፍላታል። እሷ ስታነበው ድምፁ ይሰማታል፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩን ታጠፋና እዚያው ትቀመጣለች።

ገና ካለፈ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ልክ «እንዴት ሰነበትክ» ስትል ጽሑፉ ቀጥ ይላል፣ ግንኙነቱ ተቋርጧል የሚል ሣጥን ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። እንደገና ትደውላለች፤ ትገባለች፤ ይቋረጣል። ሁለቱ ሰዓት እንዲህ እንዳለ ያልቃል።

በማግስቱ ሰኞ ጋሽ ገሠሠ ተጠሩ። ኮምፒዩተሩን ዞረው ዞረው አዩት፤ ጀርባውን ፈትተው ገጠሙት፤ መታ መታ አደረጉት። ፍሪጁ ይነቀል አሉ፣ ተነቀለ። ፊቱ ወደ መስኮቱ ይዙር አሉ፣ ዞረ። ከዚያ ሲደወል እሺ ብሎ ገባ፤ አንዴም ሳይቋረጥ ቆየ። «ቀላል ነው» አሉና አንድ ብሎን ሰጥተዋት ሄዱ።

ጸሐይወርቅ ግን ደስ አላላትም፤ የእሑዱ መልእክት ተከማችቶ ደረሳት። «አለሽ?» ይላል የመጀመሪያው። «ጸሐይ፣ አለሽ?» ይላል ሁለተኛው። «ዛሬ ጠፋሽ ማለት ነው።» «በይ ሰዓቴ አለቀ፤ ደህና እደሪ።» ደጋግማ አነበበችው፤ እዚያች ወንበር ላይ ሆና ያለቀሰችውን ለማንም አልነገረችም።

እሑድ ደግሞ ተበላሸ። ሰኞ ጋሽ ገሠሠ መጡ፤ ሠራ። በዚህን ጊዜ ቪፒኤን ምን እንደሆነ ያላጠያየቁት ሰው አልነበረምና በዕውቀት ታጥቀው ነው የመጡት። ቪፒኤን ማለት ዋሻ ነው አሉ። ዋሻ ከሆነ በመሬት ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ በመሬት ካለፈ በላፍቶ በኩል ነው፤ ላፍቶ ደግሞ አገሩ ሁሉ የቤት መሠረት እየቆፈረ ነው። ስለዚህ አንዱ ግንበኛ መትቶታል። እውነትም ተነሥተው በታክሲ ላፍቶ ድረስ ሄደው ጉድጓድ ሲያዩ ዋሉ።

ጸሐይወርቅም ባቅሟ አንድ ነገር ጠርጥራ ነበር። ስልክ በሰፈሩ ብርቅ ስለነበር ጋሽ ገሠሠ ድሮ በስምምነት ከእሷ መስመር ላይ ሽቦ ቀጥለው፣ በአጥሩ አሻግረው ቤታቸው አስገብተዋል። ሲደወል ሁለቱም ቤት ይጮኻል፤ እሷ ታነሣና ለእሳቸው ከሆነ በአጥሩ በኩል ትጣራለች። ምናልባት ይሄ ቅጥያ ይሆን የሚያስቸግረው ብላ ጠየቀች። ጋሽ ገሠሠ ከልባቸው ሳቁ። ድምፅ በሽቦው መሀል ነው የሚሄደው፣ ጽሑፍ በዳሩ፤ ተነካክተው አያውቁም፣ ምጽዋ እያለን ፈትሸነዋል አሉ። እሷም ምጽዋን ምን ብላ ትሟገት!

ይልቅ እሑድ ከሰዓት ራሳቸው መጥተው ኮምፒዩተሩ አጠገብ እንዲቀመጡ ለመነቻቸው። ለሰው ጉዳይ እኩለ ቀን ከምሳ የሚነሡት ሰውዬ እዚህ ላይ ግን እምቢ አሉ። እሑድ ዐሥር ሰዓት አይመቸኝም፤ አለቀ። ለምን ብትል ሥራ አለኝ አሉ።

በዚህ መሀል ወጋየሁ እሑድ ጽፎ ሰኞ የሚደርሳት መልእክት እያጠረ መጣ። መስመሩ ነው የሚቋረጠው ብላ ጽፋለታለች፤ እሱ ግን ሰኞ ሰኞ የሚሠራ መስመር እሑድ ምን ይነካዋል ብሎ ገርሞታል። አንድ ሰኞ የመጣው መልእክት አንድ ብቻ ነበር። «ሰልችቼሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ አልቀየምም» ይላል።

የሚቀጥለው እሑድ ገብታ ሦስቴ ስትቋረጥ ጸሐይወርቅ ብድግ አለች። ሥራ ይኑራቸው አይኑራቸው እጃቸውን ይዤ አመጣቸዋለሁ ብላ፣ ኮምፒዩተሩን መልሶ እየደወለ ትታው፣ በአረንጓዴ ቀሚሷ አጥሩን ዞራ ሄደች። በራቸው ገርበብ ብሏል።

ጋሽ ገሠሠ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው ስልኩ ፊት ተቀምጠዋል። እጀታውን አነሡ። አዳመጡ። «ሃሎ» አሉ ቀስ ብለው። መልሰው አስቀመጡት። ጥቂት ቆዩና ደግሞ አነሡት።

ጸሐይወርቅ እዚያው በሩ ላይ ገባት። እሳቸው ባነሡ ቁጥር ነው እሷ የምትቋረጠው። ደሟ ፈላ። ያ ሁሉ ጉድጓድ፣ ያ ሁሉ ብሎን፣ ያ ሁሉ «አለሽ?» በእኚህ ሰውዬ እጅ ነው። ልትናገር አፏን ስትከፍት ጋሽ ገሠሠ አይተዋት ቀደሟት፤ ሰው በማግኘታቸው ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። መስመሩ ታሟል አሏት። እሑድ እሑድ ባነሡት ቁጥር ውስጡ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። እንደዚህ ሆኖ ልጁ እንዴት አድርጎ ይገባል?

ልጁ ሚሳኤል ነው፤ አንድ ልጃቸው። ከዓመታት በፊት ተጣልተው ነው ከቤት የወጣው። ሲወጣ «አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ አላውቅም ብለህ ታውቃለህ?» ብሏቸው ነበር። አሁን ጅግጅጋ መንገድ ሥራ ላይ ነው። በገና ሰሞን በሾፌር ቃል ላከ፤ እሑድ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ከተማ ስለምንወጣ ከስልክ ቤት እደውላለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ገሠሠ እሑድ ከዚህ ወንበር ተነሥተው አያውቁም፤ መስመሩ መኖር አለመኖሩን እያነሡ ያዩታል።

«ይደውላል ይላሉ?» አለቻቸው።

ጋሽ ገሠሠ እጃቸው ወደ ካቻቢቴው ሄደ፤ በሙሉ ልብሱ ኪስ ውስጥ አልነበረም።

«አላውቅም» አሉ።

ጸሐይወርቅ ልትናገር የነበረውን ዋጠችው። እሳቸው የሚሰሙት ዝናብ የእሷ ኮምፒዩተር ነው፤ እሷ መስመሩን ስትይዝ ጅግጅጋ ላይ ቆሞ የሚደውል ሰው ተይዟል ነው የሚባለው። ይህን ብትነግራቸው ደግሞ ድምፅና ጽሑፍ አይነካኩም ብለው የፈረዱት ራሳቸው ናቸው፤ ልጃቸውን በገዛ ዕውቀታቸው በር ዘግተውበታል ማለት ነው። አልነገረቻቸውም። ቤቷ ገብታ ኮምፒዩተሩን አጠፋች።

ሰኞ ለወጋየሁ ሁሉንም ጻፈችለት። አልሰለቸኸኝም፤ ይልቅ ልሞት ነው በናፍቆትህ፤ ግን ለትንሽ ጊዜ እሑዳችንን ለጋሽ ገሠሠ እናውስ አለችው።

ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች ፀጉሯን ሠርታ፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ የጠፋ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። ቅር አላላትም ማለት ውሸት ነው። አጥሩ ማዶም ክራቫት ያሰረ ሰው እንዲሁ መቀመጡን እያሰበች ነው የቻለችው። አንዱ እሑድ ስልኩ ጮኸ። ልማዱ እሷ እንድታነሣ ነው፤ እጇም ሄዶ ነበር፤ መለሰችው። እንደገና ሳይጮኽ ማዶ ተነሣ። ሳይጮሁ ማውራት የማይሆንላቸው ጋሽ ገሠሠ በዚያ ቀን ድምፃቸው አጥሩን አልተሻገረም።

ሰኞ ሳይጠሩ መጡ፤ ካቻቢቴው ቦታው ተመልሷል። ሚሳኤል መደወሉን፣ ከእንግዲህም እሑድ እሑድ ልክ ዐሥር ሰዓት ላይ አጠር አድርጎ እንደሚደውል ነገሯት። ልጁ መስመሩ ሁሌ ተይዟል ቢልም ምክንያቱን ደርሰውበታል፤ ቅዳሜ ወንበር ላይ ወጥተው የሽቦውን መቀጠያ በሎሚ አሽተውታል። እግዜር ይስጥልኝ አለቻቸው።

«ያንቺስ? እሑድ እሑድ አሁንም ያስቸግርሻል?»

ጸሐይወርቅ አየቻቸው። ከእንግዲህ እጀታ እያነሣ የሚያዳምጥ ሰው የለም፤ ከዐሥር ሰዓት ጥቂት ካሳለፈች ብቻዋን ይሠራላታል።

«እርስዎ አጠገቡ ካልተቀመጡ አይሠራም፣ ጋሽ ገሠሠ» አለች። «ልጅዎን አናግረው ሲጨርሱ ብቅ ይበሉ።»

«ቀላል ነው» አሉ።

እሑድ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ መጥተው ኮምፒዩተሩን መታ መታ አድርገው አጠገቡ ተቀመጡ። ጸሐይወርቅ ደወለች፤ ቪፒኤኑ አስገባት። «አለሽ?» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጋሽ ገሠሠ ማንም ሳይነግራቸው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«አለሁ» ብላ ጻፈች።