የመኪና ጠባይ

የመኪናውን ብልሽት “ጠባይ” ብሎ የሚጠራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሲ.ኤም.ሲ ጎረቤቴ ጋሽ ከድር እንደዚያ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከእንጦጦ ቁልቁል ይዘውኝ ሲወርዱ መሪውን ወደ ግራ አጣመው ይዘዋል፤ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

“ጋሽ ከድር፣ መሪው ምን ሆነ?”

“ምንም! ወደ ቀኝ ትስባለች፤ ጠባይዋ ነው። ለምጃታለሁ።”

በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ገደል ነው! እኔ በሌለ ፍሬን ላይ እግሬን ተክዬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። መካኒካቸው፣ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ብረት ጫፉ ስለተበላ እሱ ሳይቀየር የጎማ አላይመንት ማሰራት ከንቱ ነው ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን በየወሩ አላይመንት ያሰራሉ፤ በሳምንቱ ያው ናት። ታዲያ የተበላ ብረት በልምምጥ ይድናል እንዴ?

ጉርድ ሾላ ስንደርስ በአላህ ብዬ ለምኜ ጋራዥ አስገባኋቸው። ብረቱ ተቀየረ፣ ጎማው ተስተካከለ። ጋሽ ከድርም መሪውን እንደለመዱት ወደ ግራ አጣመው ሲወጡ የጋራዡን በር ገጩት።

“አየህ?” አሉኝ በቁጣ፤ “ጠባይዋን አበላሹብኝ!”

መኪናዋስ ተስተካክላለች። አሁን ወደ ግራ የሚስቡት ጋሽ ከድር ናቸው።