የማዳም ኡጌት ረቡዕ

ጄኔቫ ውስጥ አንቀጽ ጠቃሽ የሌለበት ሕንፃ የለም። የለብንም የሚል ሰው ካለ ጎረቤቶቹን ገና አልተዋወቀም ማለት ነው። ሌላ አገር ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲጣላ ይሰዳደባል፤ የኛ ሰው ስምምነትና ፕሮቶኮል ይጠቅሳል። ከተማው ያመጣብን ጣጣ ነው። የዓለም መንግሥታት እዚህ ተሰብስበው ሲነታረኩ እየሰማን አድገን ለእኛም ለመደብን።

ከጠቃሾቹ ሁሉ ግን የኛን አራተኛ ፎቅ የሚስተካከል አይገኝም። እዚያ የሚኖሩት ክብርት ማዳም ኡጌት ሻፕዊ ናቸው። ሰማንያን ከተሻገሩ ቆይተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በትልልቅ ስብሰባዎች ላይ ዲፕሎማቶች የተናገሩትን በታይፕ ሲመቱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጣታቸው ዐረፈ እንጂ አፋቸው ጡረታ አልወጣም።

ነገራቸው ሁሉ አንድ ነው። ለሕፃናት ስምምነት አለ፣ ለሴቶች አለ፣ ለአካል ጉዳተኞች አለ፤ ላረጀ ሰው ግን ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ስምምነት እስካሁን የለም። ገና ሊረቀቅ ነው እየተባለ ነው። ማዳም ኡጌት ደግሞ መንግሥታት ተስማምተው እስኪጨርሱ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም፤ በገዛ ሥልጣናቸው ሥራ ላይ አውለውታል። «በእርስዎ ዕድሜ እኮ…» ብሎ የጀመረ ሰው ወዮለት! መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና «ይሄ ደግሞ የትኛው አንቀጽ ላይ ነው የተጻፈው?» ይሉታል።

አንድ ቀን መድኃኒት ቤት አብሬያቸው ገባሁ። ባለሙያዋ እሳቸውን ትታ ወደ እኔ ዞረችና «እናትዎ ከምግብ በፊት ነው የሚወስዱት» አለችኝ። ድንግጥ አልኩ።

«የኔ እመቤት» አሏት ማዳም ኡጌት፣ ለስለስ ብለው፤ «ሆዱም የኔ ነው፣ ጆሮውም የኔ ነው። እኚህ ሰውዬ ጎረቤቴ ናቸው። ልጄ ቢሆኑማ ኖሮ ፀጉራቸውን እንዲህ አላስቆርጣቸውም ነበር።»

መድኃኒቱን እሳቸው፣ ስድቡን እኔ ይዘን ወጣን።

ትራም ላይ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ሌላ ሰው አመስግኖ ይቀመጣል። እሳቸው ግን ዘንጋቸውን ተደግፈው «ስላረጀሁ ነው ወይስ ሊወርዱ ስለሆነ?» ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ግራ ገብቶት «ልወርድ ነው» አለ። «እንግዲያው እቀመጣለሁ» ብለው ቁጭ አሉ። ሰውዬው ቃሉን ላለማጠፍ ብሎ ያለ ፌርማታው ወረደ።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያቆራኘኝ ግን ልብስ ማጠቢያው ነው። እንደ ብዙው የአገራችን ሕንፃ ማሽኖቹ ምድር ቤት ናቸው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቀን አለው፤ የክፍሉ ቁልፍ ከባለተራ ወደ ባለተራ በእጅ ይተላለፋል። በዚህ አገር የሰው ሚስት የተመኘ ይቅር ሊባል ይችላል፤ የሰው ማጠቢያ ቀን የነካ ግን ሰላምታም አያገኝም። ማክሰኞ የኔ ነው፣ ረቡዕ የማዳም ኡጌት።

ማድረቂያው ውስጥ የልብስ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ አለ። ልብሱን ያደረቀ ሰው አጽድቶት መውጣት አለበት፤ እኔ ደግሞ እረሳለሁ። ረቡዕ ጠዋት የቤቴ ደወል ይጮሃል። ስከፍት ማዳም ኡጌት ግራጫውን ብናኝ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ቆመዋል። «ሙሴ ሬሞን፣ ንብረትዎን ረስተዋል።» በአክብሮት «ሙሴ»፣ ማለትም «አቶ» እየተባልኩ በፒጃማ ስንቴ ተዋረድኩ መሰላችሁ!

ባለፈው ክረምት እሳቸው የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ አዳለጣቸውና እጃቸው ተሰበረ። ከዳኑ በኋላ ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ቢሮ አንድ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነ ተከራይ፣ ለራሱ ደኅንነት ሲባል፣ የማጠቢያ ቁልፍ አይሰጠውም። የእሳቸው ረቡዕም ለሦስተኛ ፎቆቹ ባልና ሚስት ተላለፈ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከእንግዲህ ብናኝ ይዞ የሚመጣብኝ የለማ!

ደስታዬ የቆየው ልጃቸው ዢል ከሎዛን ከተማ እስኪመጣ ነው። ደረጃው ላይ ሲያባብላቸው ሰማሁት።

«እማዬ፣ ላንቺ ብለው እኮ ነው። ልብስሽን እኔ ወስጄ አሳጥባለሁ። ከከበደሽም ያ ያየነው መጦሪያ አለ፣ ሐይቁ የሚታይበት…»

«ያየነው?» አሉት። «አንተ ነህ ያየኸው። እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ።»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ዛሬ ቁልፉን ከወሰዱባቸው ነገ ምድጃውን፣ ከዚያም ቤቱን ነው። ሁሉም በደግነት፣ ሁሉም ለራሳቸው ደኅንነት ተብሎ።

ማዳም ኡጌት የቢሮውን ሰው ሙሴ ቤርቶሌን ምድር ቤት ድረስ አስጠሩት። ተከራዮቹም ወሬው እንዳያመልጠን ወረድን።

«ማነው የጠየቀኝ?» አሉት።

«ማዳም፣ ለእርስዎ አስበን እኮ ነው።»

«ማሰባችሁንስ አየሁ። ጠይቃችሁኛል ወይ ነው ያልኩት። በራሴ ጉዳይ ሐሳቤን መጠየቅ መብቴ ነው።»

ሙሴ ቤርቶሌ ፈገግ አለ። «እባክዎ ማዳም፣ ዓለም አቀፍ ሕግ እስከ ምድር ቤት አይወርድም።»

«የኔ ቀሚስ የሚታጠበው ግን ምድር ቤት ነው።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ዘንጋቸውን ወደ ደረጃው ጠቆሙ። «በሠላሳ ዓመቴም እዚሁ ደረጃ ላይ ወድቄያለሁ» አሉ። «ያኔ የጠገናችሁት ደረጃውን ነበር።»

ሳቁ ቆመ። ሙሴ ቤርቶሌ መመሪያ መመሪያ ነው ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ ማታ ልብሴን አጣጥፌ ጨረስኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። በመመሪያው መሠረት ሦስተኛ ፎቅ ላይ መቆም ነበረብኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አለፍኩት። አራተኛ ፎቅ ደወልኩ። ማዳም ኡጌት በሩን በጠባቡ ከፈቱ።

«ሦስተኛ ፎቅን አልፈውታል፣ ሙሴ ሬሞን።»

ቁልፉን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አወረዱ።

«በየትኛው አንቀጽ?»

«ገና አልተጻፈም» አልኳቸው።

ቁልፉን ተቀበሉኝና በሩን ዘጉ። አመሰግናለሁ አላሉኝም፤ መብታቸው ነዋ! የሦስተኛ ፎቆቹም ነገሩን ሲሰሙ ሁለት ቀን ማጠብ ይበዛብናል አሉ። ተባብረን ቢሮውን ነዝንዘን ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት አስተከልን። ማስታወቂያው ግን እስከ ዛሬ እንደተለጠፈ ነው፤ የሚያነበው የለም።

እኔም ታርሜያለሁ፣ ማጣሪያውን አጸዳለሁ። በደንብ አጸዳውና ትንሽ ብናኝ መልሼ እከትበታለሁ። ባለፈው ረቡዕ ደወሉ ዘገየብኝ። ፒጃማዬን እንደለበስኩ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ደረጃውን ሳዳምጥ በመጨረሻ ተደወለ።

«ሙሴ ሬሞን፣ ንብረትዎን ረስተዋል።»

«ይቅርታ ማዳም» አልኩ። «ሁለተኛ አይለመደኝም።»