አማቴ፣ ሽፈራውና የጎረቤት ድስት

ወንድ ልጅ ማድ ቤት የሚገባው ወይ በረሃብ ነው ወይ በጉራ። እኔ የገባሁት በጉራ ነው። በረሃብ የገባስ ቢያንስ የሠራውን ራሱ ብቻ ይበላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ሰናይት ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ሐዋሳ ተጠራች። በሄደች ማግስት ደግሞ እናቷ ወይዘሮ የሻረግ ከደብረ ማርቆስ እኛ ዘንድ አርባ ምንጭ ይገባሉ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ሰናይት የምታበስል ሴት እንፈልግ ብትለኝ፣ እኔ የፊዚክስ መምህሩ፣ የጾም ምግብ ማለት ውሃ፣ እሳትና ትንሽ ትዕግሥት መሆኑን በሰፊው አስረዳኋት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

አማቴን አታውቋቸውም። በዕድሜያቸው አንድም ሁዳዴ ገድፈው አያውቁም። አንድ ጊዜ ታመው ሐኪም ወተት ቢያዝላቸው፣ ወተቱን ትተው ሐኪሙን ቀየሩ። እኒህ ሴትዮ የመጀመሪያ ቀን የሠራሁትን ምስር ወጥ ቀመሱና «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ልብ በሉ፣ እኔን አላመሰገኑም። ከዚያ በኋላ ያለውን እንጀራ በደረቁ በሉት።

ማታ ላይ ጉዳዬን በአጥር የምትዋሰነኝ የምሕረት እናት ሰማች። የምሕረት እናት የጨንቻ ሴት ናት፤ ፕሮቴስታንት ስለሆነች በሁዳዴ ጉዳይ የለችበትም፤ በጎረቤት ጉዳይ ግን ሁሌም አለችበት።

«ቲቸር፣ ሽፈራው ደጅህ ቆሞ አንተ ምስር ትገዛለህ?» አለችኝ።

በማግስቱ ኩርኩፋ አስተማረችኝ። እናንተም ሞክሩት፣ ቀላል ነው። የሽፈራውን ቅጠል ከእንጨቱ ሸምጥጣችሁ ትቀቅላላችሁ። የበቆሎ ዱቄት በውሃ ለውሳችሁ በጣታችሁ እያድቦለቦላችሁ ትጨምሩበታላችሁ። ጨው ጣል፣ ከጎኑ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ፣ አለቀ። ግን በእኔ አልሙኒየም ድስት እንደማይሆን፣ ሸክላ እንደሚፈልግ ነግራኝ የራሷን ድስት አዋሰችኝ። እኔ ባጥባት እንደምሰብራት ስለገባትም ማታ ማታ እንድመልስላት፣ እሷ አጥባ ጠዋት ጠዋት እንድትሰጠኝ ተስማማን።

አማቴ ከቅዳሴ ተመልሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀረቡ። አንድ ጎረሱ። ሁለተኛ ጎረሱ።

«ምን ጨመርክበት?»

«ምንም። ሽፈራው ነው፤ የአገሩ ቅጠል።»

«ቅጠል ብቻ እንዲህ ይጣፍጣል?»

«ይጣፍጣል» አልኩ፣ ከዚያ በፊት ቀምሼው እንደማላውቅ ሳልናገር። እውነትም ይጣፍጥ ነበር። ለስለስ ያለ፣ አፍ ላይ ቀለጥ የሚል… እኔ እንግዲህ የእጄ ነው አልኩ። ሰው ስለ ራሱ ጥሩ ነገር ሲያስብ ማስረጃ አይጠይቅም።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ። አማቴ ፊታቸው ወዛ። ልጃቸው ደውላ ስታጣራ «ባልሽ ሞያ አለው፤ አንቺ እዚያው ሰልጥኚ» አሏት። የሞባይል ካርድ እየፋቁም ለማርቆስ ማኅበርተኞቻቸው፣ እግዚአብሔር ለጿሚ ብሎ የፈጠረው፣ ሲበሉት ቅቤ ቅቤ የሚል ቅጠል ማግኘታቸውን አበሰሩ። ሲመለሱ አንድ ጆንያ ደረቅ ቅጠል ሊወስዱላቸው ቃል ገቡ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ድስቱን ልቀበል ትንሽ ቀደም ብዬ አጥሩን ተሻገርኩ። የምሕረት እናት ድስቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ውስጡን በእጇ ታሻለች። እጇ ያብለጨልጫል።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቅቤ ናት።»

«ድስቱ ውስጥ?»

«ሸክላ ካልተቀባ ይሰነጠቃል፣ ቲቸር። ደግሞ ለአማትህ ነው። ለአማት ደረቅ ድስት እንዴት ይሰጣል?»

«ጾም ላይ ናቸው እኮ!»

«አውቃለሁ። ምግቡ ላይ መች አደረግሁ? ድስቷ ላይ ነው እንጂ» አለችኝ፣ ቅር ብሏት።

የሰው ደግነት ምኑ ይከሰሳል? አመስግኛት በባዶ እጄ ተመለስኩ። አሁን አስቡት። ብናገር፣ ዕድሜ ልክ ያልተገደፈው ሁዳዴ በእኔ ቤት መገደፉን ላረዳቸው ነው፤ ሞያዬም አብሮ ሊቀበር ነው። ፈራሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ዝም አልኩና በአልሙኒየሙ ድስት ሠራሁ።

አማቴ አንድ ጎርሰው አዩኝ። ቅጠሉ ሳያረጅ አይቀርም አልኳቸው። በማግስቱ ሁለት ጎርሰው ተዉት፤ ዛፉ ታሟል ብለው ከቤተ ክርስቲያን ባመጡት ጠበል ረጩት። በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ጆንያ ይሰፉ ጀመር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር በጆንያ ሊጫን ነው። አንድ ማኅበር ሙሉ ሴት ማርቆስ ላይ ያንን ቅጠል ቀቅሎ ቀምሶ ወይዘሮ የሻረግን ሲያያቸው ታየኝ። እኒህ ሴትዮ በእኔ ጉራ ሊዋረዱ ነው። ፊታቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

መርፌውን ጆንያው ላይ ሰኩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ስንት ቀን በላሁ?»

«ዘጠኝ።»

«ካወቅህ ስንት ቀንህ ነው?»

«ሦስት።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ፤ እኔም ተከተልኩ። ቄሱ ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ሰሙ፤ ስለ ድስቱ ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ከዚያ ፈረዱ። ወይዘሮ የሻረግ ሳያውቁ ስለበሉ ጾማቸው ጾም ነው፤ ያለ ሐሳብ ይግቡ። ጎረቤቲቱ በደግነት ስላደረገችው ትመስገን። ሦስት ቀን እያወቀ ዝም ያለው ግን እስከ ስቅለት በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ይስገድ።

ቤት እንደገባን አማቴ ቅዳሜ ሊሄዱ የያዙትን ቲኬት ከቦርሳቸው አውጥተው አስረከቡኝ። እኔ ብቻዬን ከቀረሁ ስለማልሰግድ፣ ቆጣሪ እንደሚያስፈልገኝ ነገሩኝ። ሰናይት ከሐዋሳ ደውላ እናቷ እስከ ፋሲካ እንደሚቆዩ ስትሰማ የደስታ ለቅሶ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ይኸው በየማታው እሳቸው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ እሰግዳለሁ፣ እሳቸው ይቆጥራሉ። ሠላሳ ስምንት ላይ ስደርስ፣ አደራችሁን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያዛንፉ ማኅበርተኞቻቸው ከማርቆስ ይደውሉላቸዋል። አማቴ ቆመው ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ የእያንዳንዱን ጎረቤት ጤና ይጠይቃሉ። ስልኩን ዘግተው ይመለሱና፣

«ስንት ላይ ነበርን?» ይሉኛል።

«ሠላሳ ስምንት፣ እማማ።»

ጥቂት ያዩኛል።

«በአንተ አፍማ አልቆጥርም» ይሉና ከአንድ ያስጀምሩኛል።