ከስም በላይ ሁለት ነጥብ

ዋርካው ወደቀ። የጣለው ነፋስ አይደለም፤ ሁለት ነጥብ ነው።

እንስሳት የራሳቸው ጸሐፊ በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ የቆላ ጫካ አንድ ምንጭ ነበረ። ምንጩን ከፀሐይ የሚጋርደው ያ ዋርካ ነው። በቅርፊቱ ላይ የሁሉም ስም ተቀርጿል፤ የቀረጸው ግንደ ቆርቁር የተባለው ወፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ቁራ ስም ይጠራል፤ የተጠራ ይጠጣል። ድርቅ ከገባ ወዲህ ውሃው ቶሎ ያልቃል። ኤሊ ግን የምትጠራው መሐል ላይ ስለነበር አልተቸገረችም።

አንድ ቀን እመት ጦጢት ከመንገደኛ ድንኳን መጽሐፍ ሰርቃ መጣች። የሩቅ አገር መጽሐፍ ነው። አንዳንዱ ፊደል አናቱ ላይ ሁለት ነጥብ ተቀምጦበታል። በዚያ አገር ነጥቡ አፍ እንዴት እንደሚከፈት ከማመልከት በቀር ሥራ የለውም። ጦጢት ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ለመተርጎም አልተቸገረችም።

«አያ አንበሶ፣ ይኸውልዎ!» አለች በሸንጎ ፊት። «ባለ ነጥቦቹ መኳንንት ናቸው። የቀረው ሕዝብ ነው።»

አንበሳ መጽሐፉን ገልብጦ ያዘና ረጅም ጊዜ አየው።

«ታዲያ የእኔ ስም ለምን ራቁቱን ቆመ?» አለ።

ግንደ ቆርቁር ከአንበሳ ስም በላይ ሁለት ቀዳዳ በሳ። በዚያው ቀን ሕግ ወጣ። ነጥብ ያለው ቀድሞ ይጠጣል፤ ነጥብ የምትፈቅደው ጦጢት ናት።

በማግስቱ ጅብ ለጦጢት ማር ይዞላት መጣና ባለ ነጥብ ሆነ። ከርከሮ ሁለቱ አንሰውት አራት አስደረገ። ጅግራ ተቆጣች።

«እኔ ከእንቁላል ስወጣ ጀምሮ ነጥብ በነጥብ ነኝ! ለእኔ ማን ቆመልኝ?»

«ያንቺ እኮ ገላሽ ላይ ነው፣ እመቤቴ» አላት ከርከሮ። «የሚያስከብረው ስም ላይ ሲሆን ነው።»

ጅግራ ማር ፍለጋ ሄደች።

ብዙው ነጥብ ሲያገኝ ነጥብ ረከሰ። ሰረዝ ተጨመረ። በሰረዙ ላይ ቆብ ተደፋ። ቁራ ለእያንዳንዱ ምልክት እጅ መንሳት ነበረበትና ወገቡን አመመው። የከርከሮ ስም ብቻ ተጠርቶ እስኪያልቅ ፀሐይ ትከርር ነበር።

ኤሊ ማር አልነበራትም። ወደ ሰልፉ ጭራ ወረደች። ተራዋ ሲደርስ ያለው ጭቃ ነው። ጭቃ መጀመሪያ ይመርራል፣ ኋላ ይለመዳል። ጭራ ላይ የቆመ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ቀና ብላ ግንደ ቆርቁርን ጠራችው።

«ልጄ፣ ዛፉ ቆስሏል። ወተቱ እየፈሰሰ ነው።»

«እማማ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የምቆረቁረው።»

«ወፍረሃል።»

«በየቀዳዳው ትል ገብቷል» አለ። አልዋሸም።

«ዛፉ ከወደቀ ምንጩን ፀሐይ ትጠጣዋለች። እናንተ ትበራላችሁ፣ ትሮጣላችሁ። እኔ ሌላ ውሃ ድረስ አልደርስም። እግሬን ታየዋለህ።»

ግንደ ቆርቁር ግራና ቀኙን አየ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ሁለት ነጥብ ላድርግልዎት? ያለ ማር ነው። ጦጢት አታይም።»

ኤሊ ጠምቷታል። ወደ ግንዱ ተመለከተች። ከነጥብ የተረፈ ቦታ ብዙ አልነበረውም።

«ተወው» አለች።

አንድ ረፋድ ላይ አንበሳ በስሙ ላይ ካለው ቆብ በላይ ሌላ ሁለት ነጥብ አማረው። መኳንንቱ እልል ለማለት ግንዱን ከበው ቆሙ። ኤሊ እንደ ልማዷ ጭራ ላይ ነበረች። ግንደ ቆርቁር አንዴ መታ። ዋርካው ተንቋቋ። ሁለተኛውን ሳይመታ ወደቀ። ውስጡ ባዶ ነበር።

አንበሳ ከስሙ ሥር ቀረ። ከርከሮም ከስሙ ሥር ቀረ፤ የእሱ ስም ሰፊ ነበር። ጅብና ጅግራ እግራቸው ወዳመራቸው ሮጡ። ቁራ ማንን እንደሚጠራ ግራ ገብቶት ትንሽ ቆየና በረረ። ጦጢት ስሟ ያለበትን ቅርፊት ልጣ፣ መጽሐፉንም በብብቷ ይዛ ወደ ሌላ ጫካ ተሻገረች። እዚያ ያሉት ነጥብ የሚባል ነገር ገና አልሰሙም።

ኤሊ አሥራ ሁለት ቀን ያለ ሰልፍ ጠጣች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ምንጩ ደረቀ። ግንደ ቆርቁር ከወደቀው ግንድ ላይ ትሉን ለቅሞ ሲጨርስ ሌላ ዛፍ ፍለጋ ሄደ።

ኤሊ ቀረች።