ፈረሱ ግን

በከተማችን በሆሳዕና ሰው ብቻውን አይደሰትም፤ ብቻውንም አያዝንም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ማንም ሰው ብቻውን መጽሐፍ እንዳያወጣ በሰፈራችን እድር በኩል አስፈላጊው ጥንቃቄ ተደርጓል። ቀጥሎ የምተርከው ይህ ጥንቃቄ ምን ያህል ፍሬያማ እንደነበረ ሳይነገር እንዳይቀር ነው።

ትርፊት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የምትሠራ፣ ሰላም ሲሏት እንኳ መሬት መሬት የምታይ ልጅ ናት። ይህች ልጅ ለማንም ሳትናገር «የገበያ ቀን ጋሪ» የሚባል ልብ ወለድ ጻፈች። አንድ የሌሞ ወረዳ ገበሬ ጋሪ የሚጎትትለትን ፈረስ ሊሸጥ ወደ ከተማ ይነዳል፤ ፈረሱን ያሳደገችው ልጁ ከኋላ በእግሯ ትከተለዋለች። ይሸጠው ይሆን ወይስ ይመልሰው? መጽሐፉ በሙሉ ይኸው ነው። አንድ አሳታሚ ዘንድ ደውላ ነበር። ሰውየው ስለ መጽሐፉ ምንም ሳይጠይቃት «ስንት ተከታይ አለሽ?» አላት። ተከታዮቿ እናቷና የማቅጠኛ ሻይ የሚሸጥ አንድ ገጽ ስለነበሩ፣ ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ በቴሌግራም ራሷ ልታወጣው ወሰነች።

ጽሑፉን ኮምፒውተር ቤት ላለው ለፈትሁዲን ሰጠችው። ፈትሁዲን ወደ ፒዲኤፍ እየለወጠው ሳለ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ የተረፈውን ላከላት። በከተማችን ከመብራት የተረፈ ነገር ሁሉ ሙሉ እንደሆነ ይቆጠራል። ትርፊትም የራሷን ጽሑፍ ከፍታ ማየት ስላሳፈራት፣ ሳታየው ለጠፈችው።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ብርነሽ ደግ ሴት ናቸው። ወዲያውኑ ወደ እድራችን የቴሌግራም ቡድን አስተላለፉት። በዚያ ቡድን ከዚህ ቀደም የሚወጣው የሞት ዜናና የጠፋ መታወቂያ ብቻ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው ከመጽሐፉ ሥር «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ሰው ሳያረጋግጥ አይጽፍም ብሎ ተከተለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን አምኖ «ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ» አለበት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ መጽሐፉ በክብር ተቀብሮ ነበር። በኋላ ወይዘሮ ብርነሽ ነገሩ መጽሐፍ መሆኑን ሲያስረዱ፣ ያው ሕዝብ አንዳች ሳያመነታ «እንኳን ደስ ያለሽ» ወደሚለው ተሸጋገረ። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በሌላ ከተማ ይገኛል ብዬ አላምንም።

ማምሻውን ትርፊት እንደምንም ደፍራ ፋይሉን ከፈተችው። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ጋሪው ድልድዩ ላይ ደረሰ። አባቷ ልጓሙን ሳበ። ፈረሱ ግን»። ከዚያ በታች ነጭ ወረቀት ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ በሙሉ የለም።

የይቅርታ መልእክት መጻፍ ጀመረች። እየጻፈች ሳለ ግን ከላይ አዳዲስ አስተያየቶች ይወርዱ ጀመር። «መጨረሻው አስለቀሰኝ» ይላል አንዱ። «አጨራረሱ ልዩ ነው፣ አንድም የጎደለ ነገር የለውም» ይላል ሌላው። ትርፊት ጥቂት አሰበችና የጻፈችውን ይቅርታ አጠፋችው። ፈረሱ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እስኪመጣ ድረስ ልጠብቅ አለች። አንድ ሰው ብቻ። ከዚያ በላይ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ቢሮ ስትገባ የሥራ ባልደረባዋ ሳባ ተነሥታ አቀፈቻት።

«ሌሊቱን ሙሉ ሳነበው አደርኩ» አለች ሳባ።

«እውነት? የቱ ጋ ወደድሽው?»

«ሁሉም ጋ።»

«መጨረሻው ጋስ… ምንም አላስቸገረሽም?»

«መጨረሻውማ!» ሳባ ደረቷን ያዘች። «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በቃ እንደዚያ ነው ማለቅ ያለበት።»

ትርፊት አንገቷን ደፍታ ፋይሎቿን መደርደር ቀጠለች።

የሕዝቡ ድጋፍ በቃል ብቻ አልተወሰነም። ስልክ ጠጋኙ ሳዲቅ የሽፋኑ ሥዕል ደብዘዝ ብሎበት፣ በራሱ ሱቅ ፎቶ ተካው። ከደራሲዋ ስም በላይም «ስክሪን በአስተማማኝ ሁኔታ እንቀይራለን» የሚል ጨመረበትና እስከ ጃጁራ ድረስ ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ አዳረሰው። መንገድ ላይ ሲያገኛት ምስጋና እንደማይፈልግ አስቀድሞ ነገራት። እሷም ልቧን አጠንክራ አንብቦት እንደሆነ ጠየቀችው። ሳዲቅ ጥያቄው ገርሞት፣ እሱ አከፋፋይ መሆኑን አስረዳት።

ነገሩ ሲሰፋ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ዳኘ «የደራሲት ትርፊት መጽሐፍ ዐቢይ አስተባባሪ ኮሚቴ» እንዲቋቋም አደረጉ። አቶ ዳኘ በጡረታ የተገለሉ የትምህርት ሱፐርቫይዘር ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው ያልጎበኙት ክፍል፣ በጎበኙትም ክፍል ያልሰጡት አስተያየት የለም። ኮሚቴው አባላት በሙሉ ከመጽሐፉ ሥር አስተያየት መስጠታቸውን እንደ ቀብር ይቆጣጠር ጀመር። የቀረ ሰው ምክንያት ያቀርባል። አንድ አባል የቀረው አንብቦ ስላልጨረሰ መሆኑን ቢናገር፣ ምክንያቱ በቂ ሆኖ አልተገኘም።

ትርፊት ይህን ስትሰማ አቶ ዳኘ ቤት ሄደች። ደጃፍ ላይ ብዙ ቆይታ ነው ያንኳኳችው።

«ጋሼ ዳኘ፣ ሰዎቹ ባይጽፉልኝም ግድ የለኝም። ቢያነቡት ነበር ደስ የሚለኝ።»

አቶ ዳኘ በአባትነት ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ልቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሬሳውን ገልጦ ያያል?»

«አያይም።»

«መጥቷል ግን አይባልም?»

«ይባላል።»

«በቃ መጥተዋል። ገልጦ ማየት ነውር ነው።»

ትርፊት ለዚህ መልስ አላገኘችም። እኛም እስከ ዛሬ አላገኘንም።

ሰላማችን በዚህ ሁኔታ እያበበ ሳለ ነው የነኢማ መልእክት የወጣው። ነኢማ ዱራሜ ከተማ መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ናት፤ አክስቷ የእድራችን አባል ስለሆኑ በቡድኑ ውስጥ ትገኛለች። ይህች ሴት ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን እጥፍጥፍ ወረቀት እስከ ታችኛው መስመር ድረስ የምታነብ መሆኗን በኋላ ነው የሰማነው። አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ ጥንቃቄ እናደርግ ነበር። የጻፈችው ይህን ነው፦ «ፋይሉ የተቆረጠ ይመስለኛል። ‹ፈረሱ ግን› ይላል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ፈረሱ ምን ሆነ?»

ትርፊት ይህን ያነበበችው ቢሮ ውስጥ ነው። ሳባ እንደምትለው ከሆነ፣ ትርፊት ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ተመልሳም እንደገና አነበበችው።

ኮሚቴው ግን በአስቸኳይ ተሰበሰበ። የተቀመጡበት ምክንያት የመጽሐፉ መጨረሻ አልነበረም፤ የነኢማ ድፍረት ነበር። የሰው ከተማ ሰው በእኛ ደራሲ ላይ አፏን ልትከፍት አይገባም ተባለ። ይሁንና አቶ ዳኘ ፍትሐዊ ሰው ስለሆኑ፣ ማስረጃው ይታይ ብለው የመጨረሻውን ገጽ በስልክ አስከፈቱ። መጽሐፉ በኮሚቴው ፊት ሲከፈት ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ አቶ ዳኘ መነጽራቸውን አወለቁና ተናገሩ።

«ፈረሱ ግን። አያችሁ? ጥልቅ ነው። ሌላው ደራሲ ቢሆን ፈረሱ ምን እንደሆነ ይነግራችሁ ነበር። ይህቺ ልጅ ንቃናለች እንዴ? አልናቀችንም። አክብራን ተወችው።»

ይህ ትንታኔ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ ነኢማም ጥልቀትን ባለመረዳት ከቡድኑ ተወገደች። ትርፊት ስልኳን ስትከፍት የአንባቢዋ ጥያቄ ከነስሟ ጠፍቶ ነበር። በቦታው ከወይዘሮ ብርነሽ የተላከ የአበባ ሥዕል ተቀምጧል።

የምረቃው በዓል በቀጣዩ ቅዳሜ ተከበረ። እድራችን ካለው ንብረት ሁሉ የሚበልጠው ድንኳኑ ስለሆነ በዓሉ በድንኳኑ ውስጥ ተደረገ። ይህም አንዳንድ መንገደኞችን ሳያሳስት አልቀረም። ድንኳኑን ያየ ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ እየገባ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አንዲት እናት የትርፊትን እናት ሁለት እጃቸውን ይዘው «ምን ይደረጋል፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ብለው አጽናኗቸው። መድረክ መሪው መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር መነበቡን አበሠረ። «በላቀ ሥርጭት» ለሳዲቅ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ሳዲቅም የደራሲዋን አስተዋጽኦ ሳይጠቅስ አላለፈም።

በመጨረሻ ትርፊት እንድትናገር ተጋበዘች። ማይክሮፎኑን እንደ ትኩስ ድንች ነበር የያዘችው። ድምፅዋ ከፊት ወንበር አላለፈም፤ እኔ ከፊት ስለነበርኩ ሰምቻታለሁ።

«ጠያቂዋ ልክ ናት» አለች። «መጽሐፉ አላለቀም። የመጨረሻው ምዕራፍ ተቆርጦ ቀርቷል። ዛሬ እልከዋለሁ። ማንም አላወቀም ነበር፤ እሷ ብቻ ናት ያወቀችው።»

ልጅቷ እዚያው ቆማ ጠበቀች፤ ምናልባት አንድ ሰው ይቆጣል፣ ምናልባት አንድ ሰው ያፍራል ብላ ይሆናል። አቶ ዳኘ ቀስ ብለው ተነሡና ማጨብጨብ ጀመሩ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ አጨበጨበ፤ በኀዘን የገቡት እንግዶች እንኳ አጨበጨቡ።

ምዕራፉን እንዳለችው ላከችው። «የገበያ ቀን ጋሪ፣ የቀረው የመጨረሻ ምዕራፍ» ብላ በግልጽ ጽፋበታለች። የቡድኑ መልስ ወዲያው ወረደ፦ «ለሁለተኛው መጽሐፍሽ እንኳን ደስ ያለሽ።» «ከመጀመሪያው ይበልጣል።» «በዚህ ዕድሜ ሁለት መጽሐፍ!» አንድ ሰው ብቻ ከልማዱ መላቀቅ ስላልቻለ «ነፍስ ይማር» አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ትርፊት ለማንም ሳትናገር ምዕራፉን በወረቀት አሳትማ ዱራሜ ሄደች። የመድኃኒት ቤቱን አድራሻ ከነኢማ አክስት ነው ያገኘችው። ገብታ ማንነቷን ለመናገር ስለከበዳት፣ ከበሽተኞች ኋላ ተሰልፋ ተራዋን ጠበቀች። ነኢማ ማዘዣ ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ፣ ወረቀቱን ሰጠቻት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፈረሱ ምን እንደሆነ ነው።»

ነኢማ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወንበር አሳየቻትና ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ማንበብ ጀመረች። ሰው ሲመጣ ጣቷን ያቆመችበት መስመር ላይ አድርጋ መድኃኒት ትሰጣለች፤ ተመልሳ ከዚያው ትቀጥላለች። ትርፊት የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው ጉልበቷን ገጥማ ተቀመጠች።

«እኅቴ፣ ቅር አይበልሽና» አለች ነኢማ ስትጨርስ፣ «አልወደድኩትም።»

«አልወደድሽውም?»

«አባቷ እንዲህ በቀላሉ ሐሳቡን አይቀይርም። መጽሐፉን በሙሉ ግትር ነው ስትይኝ ቆይተሽ፣ ድልድዩ ላይ ፈረሱ ስላልተራመደለት ብቻ አልቅሶ ይመልሰዋል? ልጅቷስ? ያን ሁሉ መንገድ ተከትላው መጥታ አንድ ቃል አትናገርም? እኔ እሷን ነበር የምጠብቀው።»

ትርፊት እስክሪብቶ ለመነቻት። መድኃኒት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ስለ ልጅቷ ተነጋገሩ። ነኢማ እንዳወራችው ከሆነ፣ ያቺ መሬት መሬት የምታይ ልጅ አንድ ጊዜ እንዲያውም ባንኮኒውን በጥፍሯ እየመታች ተከራክራታለች።

ሰኞ ዕለት አቶ ዳኘ ዱራሜ መሄዷን ሰምተው ቢሮዋ ድረስ መጡ። አጥፊዋ ይቅርታ ጠይቃት እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው ነበር።

«አልጠየቀችኝም፣ ጋሼ። መጨረሻው ደካማ ነው አለችኝ። ልክ ናት። እንደገና ልጽፈው ነው።»

አቶ ዳኘ ፊታቸው በራ። ሌላ ምንም ሳይጠይቁ ወጡ። ትርፊት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ገና ሳትጽፍ፣ ኮሚቴው ሦስተኛው መጽሐፏ የሚመረቅበትን ቀን በቡድኑ አስታወቀ። ድንኳኑም ተይዟል።

ከማስታወቂያው ሥር የመጀመሪያው አስተያየት ወዲያው ወጣ፦ «መጨረሻው አስለቀሰኝ።»